የመለስኩት ቅቤ

ይህ ነገር ከደረሰ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ግማሹ በእኔ ላይ የደረሰ ነው፤ ግማሹ ደግሞ እኔ ራሴ በሰው ላይ ያደረስኩት ነው። አራስ ልጠይቅ ሰው ቤት በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ባለፈው ወር አንድ አራስ ቤት ተቀምጬ እንደገና ትዝ አለኝና፣ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

የምኖረው ዓለም ገና ነው። የምሠራው ወደ ሰበታ ሲኬድ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የጥበቃ ልብስና ቱታ እንሰፋለን። እኔ ያኔ ጥራት ላይ ነበርኩ። ሰፊዎቹ የጨረሱት ልብስ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል፣ ገልብጬ አየዋለሁ፣ የዘለለ ስፌት ካለው ምልክት አድርጌ እመልሰዋለሁ። ስመልስም ዝም ብዬ አልመልስም። ባለቤቴ ብርሃኑ «አንቺ ሸሚዝ ብቻ ሳይሆን ሰውም ገልብጠሽ ነው የምታዪው» ይለኛል። እውነቱን ነው። አፌ ይቀድማል፣ ሐሳቤ ኋላ ይደርሳል።

የላይናችን፣ የስፌት መስመራችን ማለቴ ነው፣ ሱፐርቫይዘር ኦቦ ገመቹ ይባሉ ነበር፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው። የተፍኪ ሰው ናቸው። መሬታቸውን ልጃቸው ያርሳል፣ እሳቸው በየቀኑ በሚኒባስ ይመላለሱ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ያህል ነበር የቀራቸው። ሰፈራቸው ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ፋብሪካ ውስጥም ያው ናቸው። ጠዋት ሲገቡ ከመጀመሪያዋ ማሽን ጀምረው እያንዳንዳችንን «አካም ቡልቴ?» ይላሉ። እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ባልሽ፣ ልጅሽ፣ እናትሽ እያሉ ይቀጥላሉ። ማሽኑ እየተንጫጫ እንኳን መልሱን ሳይሰሙ አያልፉም። እንዲህ ያለ ሰላምታ ይዞ ሥራ መቼ ሊሠራ ነው እያልኩ እስቅባቸው ነበር።

ሴት ልጄን ቃልኪዳንን የወለድኩት በግንቦት መጨረሻ ነው። ለወሊድ ከመውጣቴ በፊት ቦታዬን እንድትሸፍን ጫልቱ የምትባል ልጅ ከስፌት አምጥተው አጠገቤ አስቀመጧት። እኩል ዓመት ያገለገልን፣ እኩል ደሞዝ ያለን ነን። ሥራውን እኔው አሳየኋት። የዘለለ ስፌት በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣትም እንደሚገኝ፣ የኪስ ጥግ ላይ ለምን ሁለቴ መታየት እንዳለበት አንድ በአንድ ነገርኳት። ስወጣ እያለቀሰች ነው የሸኘችኝ።

እናቴ ልታርሰኝ ከሱሉልታ መጣች። በሰኔ አጋማሽ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የላይናችን ልጆች አሥራ ሁለት ሆነው ሊጠይቁኝ መጡ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ባጃጁ ጭቃው ላይ እምቢ ብሎት ከአስፋልቱ ጀምረው በእግራቸው ነው የገቡት። የልጅ ብርድ ልብስ ይዘው፣ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው፣ ቤቷን ሞሏት። ኦቦ ገመቹም አብረው መጥተዋል። ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ለብሰው ነበር። ተነስተው ልጄን በኦሮምኛም በአማርኛም መረቁልኝና በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ከምርቃቱ በኋላ አንድ ነገር አየሁ። እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ባዶ እጃቸውን አወጡ። ገንፎው ቀርቦ ከተበላ በኋላም ያንኑ ደገሙት። እናቴ አይታቸው «ሰውየው ልባቸውን ያማቸዋል መሰለኝ» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። እኔ ግን ለልጅቷ የሚሰጡት ብር ፈልገው ያጡ መሰለኝ። አሳዘኑኝ። እንዳያፍሩ ብዬ ፊቴን ወደ ልጄ አዞርኩ።

ሲወጡ ደጃፍ ላይ ቆም አሉና «ሥራሽን እንዳታስቢ። ወንበርሽ ይጠብቅሻል» አሉኝ። ያን ቀን ማታ ለብርሃኑ፣ እንዲህ ያለ አለቃ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው ስል ትዝ ይለኛል።

ሥራ የገባሁት መስቀል በዋለ ማግስት ነው። ወንበሬ በእውነት ይጠብቀኝ ነበር። ጫልቱ ስታየኝ ብድግ ብላ ለቀቀችልኝ፤ ለእሷ ሌላ ጠረጴዛ አደረጉላትና ጎን ለጎን ሆንን። እናቴ አባቴን ብቻውን ትታ ስለመጣች ወደ ሱሉልታ ተመልሳ ነበር። ልጄን ለአንዲት ጎረቤት ሴትዮ እየከፈልኩ ማስያዝ ጀመርኩ። አራት ሰዓት ሲሆን ጡቴ ይሞላና ልብሴን ያበሰብሰዋል። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቤ አፈሰዋለሁ። ልጄ ቤት ሆና በጡጦ የላም ወተት ትጠጣለች፣ እኔ የራሷን ወተት ቧንቧ ውስጥ እደፋለሁ። ያኔ የሚሰማኝን ንዴት ለማንም አልተናገርኩም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ክርክር ነበረብኝ። ብርሃኑ ከሰበታ ሜክሲኮ ታክሲ ይነዳል። ለሞግዚት ከፍዬ፣ ለመንገድ ከፍዬ የሚተርፈኝን ሲያይ «ታዲያ ለምን ትለፊያለሽ? ልጅሽን ይዘሽ ቤት አርፈሽ ተቀመጪ» ይለኝ ጀመር። በክፋት አይደለም። እኔ ግን ሥራዬን መተው አልፈልግም። ቤት ከተቀመጥኩ መልሶ የሚቀጥረኝ እንደሌለ አውቃለሁ። በፋብሪካችን ደሞዝ የሚጨመረው በዓመት አንዴ፣ ሐምሌ ላይ ነው፤ የእኔ ግን ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ስመለስ አንድ ላይ የሚገባልኝ መሰለኝ። ስለዚህ ጭማሪው ሲገባ ይበቃናል፣ የወሩን መጨረሻ ጠብቅ አልኩት። እሺ አለኝ። ሥራዬን የመቀጠሌ ነገር በዚያች ጭማሪ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ደሞዝ ደረሰ። የደሞዝ ዝርዝር ያለበት ስሊፕ ታደለን። የእኔን ከፍቼ አየሁት። እንደ ድሮው ነው፤ አንዲት ብር አልተጨመረበትም። ስህተት ይሆናል ብዬ ሳልጨርስ ጫልቱ የራሷን ስሊፕ ይዛ መጣች። የጡረታ ተቀናሹ አልገባ ብሏት እንዳስረዳት ነው። በቅን ልቧ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የእሷ ከእኔ በአራት መቶ ብር ይበልጣል። ተቀናሹን አስረዳኋት።  ከዚያ ተነስቼ ሰው ኃይል ቢሮ ሄድኩ።

ሳምሶን የሚባል ልጅ ነው እዚያ ያለው። ትሑት ነው፣ ዓይኑ ግን ከኮምፒውተሩ አይነሳም። ስሜን ፈልጎ አገኘና «ያልተገመገምሽ ነው የሚለው» አለኝ። ጭማሪው የሚሰጠው በምዘና ነው። ሰኔ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ቅጽ ሞልቶ ነጥብ ይሰጣል፣ ሠራተኛው አይቶ ይፈርምበታል፣ ቅጹ እነሳምሶን ጋ ይገባል። የእኔ ቅጽ አልገባም። ያልገባለት ሰው ጭማሪ የለውም፤ የሚቀጥለውን ሰኔ ይጠብቃል። ቅጹን ያላስገባው ማነው ስለው፣ ማን ሊሆን ይችላል በሚል ዓይን አየኝና፣ ሱፐርቫይዘርሽ ነው አለኝ።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። ኦቦ ገመቹ! ልጄን መርቀው፣ ገንፎዬን በልተው፣ ወንበርሽ ይጠብቅሻል ብለውኝ! ወንበሩን ብቻ ጠብቀውልኝ ደሞዜን ረስተውታል። ያ ሁሉ አካም ቡልቴ ለካ ከአፍ የሚወጣ ነገር ነው አልኩ። ሄጄ ብጠይቃቸው በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነበር። አልጠየቅኳቸውም። አኮረፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው መጥተው «አካም ቡልቴ ልጄ?» አሉኝ። ቱታውን እንደገለበጥኩ ቀረሁ። አልሰማችም ብለው ደገሙት። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆመው አለፉ። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንደዚያው። በእኛ አካባቢ ሰው የሰላምታ መልስ ነፈገ ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ የገደለ ሰው እንኳን ሰላም ሲባል እግዜር ይመስገን ይላል። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነፈግኳቸው።

ያ አልበቃኝም። ምሳ ሰዓት ላይ መናገር ጀመርኩ። ወለደች ብለው ቆረጡኝ፣ የእኔን ድርሻ ለሌላ ሰጡት እያልኩ። ሰው ይሰማል፣ ይቀባበላል። ሳምንት ሳይሞላ ኦቦ ገመቹ ምሳ ሲገቡ አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው ቀነሰ። እሳቸው ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ኋላ እንደሰማሁት፣ እኔን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ይዞኝ መስሏቸው ለባለቤታቸው ነግረው ነበር።

ቅቤው የመጣው በዚህ መሃል ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ጫልቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የኦቦ ገመቹ ባለቤት የላኩልሽ ነው፤ ከስተሻል ብለው ነግረዋቸው ለራስሽም ለልጅሽም እንዲሆን ነው አለችኝ። የተፍኪ ለጋ ቅቤ። ሽታው ከነቅጠሉ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ምራቄን ዋጥኩና ጥቅሉን ወደ እሷ ገፋሁት።

«መልሺላቸው» አልኳት። «በቅቤ አልሸነገልም በያቸው።»

ጫልቱ ጥቅሉን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። እንዲህ ያለ ቃል ለእሳቸው አላደርስም ብላ ወሰደችው። ቅቤ አይስማማትም ብላ እንደመለሰችላቸው የነገረችኝ በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን ልክ ያደረግሁ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

በዚያው ሳምንት ቅሬታ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። «ሱፐርቫይዘሬ ሆን ብለው ምዘናዬን አስቀርተውብኛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብርሃኑ አንብቦ፣ ሆን ብለው መሆኑን በምን አወቅሽ አለኝ። የአንተ ሥራ መንዳት ነው አልኩትና አስገባሁት።

ሐሙስ ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራን። ሥራ አስኪያጁ አሉ፣ ሳምሶን አለ፣ እኔ አለሁ። ኦቦ ገመቹ መጨረሻ ገቡ። ያንን ጥቁር ኮት ለብሰዋል። የለቅሶውን ኮት፣ በሥራ ቀን። ሰው ሊመስሉ ለብሰው መጡ ብዬ በልቤ ተሳለቅኩ። ለሁላችንም እጅ ነስተው ተቀመጡ።

ሥራ አስኪያጁ ቅሬታዬን ጮክ ብለው አነበቡት። ማታ ስጽፈው ጥሩ መስሎኝ የነበረው ነገር በሰው አፍ ሲነበብ ሌላ ሆነብኝ። «ሆን ብለው» ላይ ሲደርሱ ኦቦ ገመቹ ቀና ብለው አዩኝ፤ መልሰው አንገታቸውን ደፉ። ንባቡ ሲያልቅ ምን ይላሉ ተባሉ።

እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ።

 ያንን የእጅ አካሄድ አውቀዋለሁ። ያቺ እሁድ፣ ያቺ የበር አጠገብ መቀመጫ፣ ያው ኪስ። ይህን ጊዜ ግን እጃቸው ባዶውን አልወጣም። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጠርዙን ዝናብ ነክቶት ቀለሙ ፈሷል። የእኔ የምዘና ቅጽ ነበር።

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ። «ሆን ብዬ የሚለው ብቻ ነው የተሳሳተው። ቅጹን ሞልቼ ቤቷ ይዤ ሄጄ ነበር፤ በማግስቱ ሰኞ መግባት ነበረበት። ግን አራስ ቤት ገብቼ፣ ልጅ መርቄ፣ ገንፎ በልቼ፣ በይ እዚህ ላይ ፈርሚ ብዬ የቢሮ ወረቀት ማውጣት ከበደኝ። ሁለቴ ሞከርኩ። አፈርኩ። ነውር መሰለኝ።»

ሰኞ ለሳምሶን፣ ልጅቷ አራስ ናት፣ ስትመለስ ትፈርማለች ብለው ነግረውት ነበር። ችግር የለውም አላቸው። እሳቸው ችግር የለውም ከተባሉ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው፣ ጭማሪውም የገባልኝ መስሏቸው፣ ወረቀቱ እዚያው ኮት ኪስ ውስጥ ቀረ። የቅሬታው ደብዳቤ እጃቸው ሲገባ ነው ያስታወሱት። ሳምሶን ፊቱ ቀላ። ሽማግሌ ስለሆኑ እንቢ ማለት ከብዶኝ ነው ችግር የለውም ያልኳቸው፣ ከዚያ ሥራ በዛብኝና ረሳሁት አለ። እንግዲህ አንዱ አፍሮ ወረቀት ሳያወጣ ቀረ፣ ሌላው አፍሮ እንቢ ሳይል ቀረ። በሁለቱ እፍረት መሃል የተቆረጠው የእኔ ደሞዝ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቅጹን አይተው አቀበሉኝ። ከመቶ ዘጠና ስድስት ይላል። ከታች፣ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ፣ በኦቦ ገመቹ የተንጋደደ ጽሑፍ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ይህች ሠራተኛ ስህተት አታሳልፍም። ስህተቱን ስትናገር ግን ቁጣ ታበዛለች። በጊዜ ይበርድላታል።»

ማልቀስም መሳቅም አቃተኝ። ያ ቅቤ ትዝ አለኝ። ምሳ ላይ ያወራሁት ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ።

ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። ሥራ አስኪያጁ ደንቡን ነገሩን። ጭማሪው ከሐምሌ ጀምሮ ሊስተካከልልኝ የሚችለው ጥፋቱ የሱፐርቫይዘሩ መሆኑ ከተመዘገበ ብቻ ነው። ያ ማለት ለኦቦ ገመቹ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸዋል፣ የዓመቱ ቦነስም አይደርሳቸውም። ቅሬታዬን ካነሳሁ ደግሞ እሳቸው ምንም አይደርስባቸውም፤ እኔ እስከሚቀጥለው ሰኔ እጠብቃለሁ። ትቀጥያለሽ ወይስ ታነሺዋለሽ አሉኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እውነት ለመናገር አነሳለሁ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ብርሃኑን አሰብኩት። ከዚያ መጸዳጃ ቤት የማፈሰውን ወተት አሰብኩ። ይህን ጭማሪ ማንም በስጦታ የሚሰጠኝ አይደለም፤ ሠርቼበታለሁ። ለሰውየው አዝኜ ብተወው የሚጎድለው ከልጄ ነው። ባልተወው ደግሞ ሠላሳ ዓመት አንድ ወረቀት ሳይጻፍባቸው የሠሩ ሰው በእኔ ምክንያት ይጻፍባቸዋል። እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር።

የመለሱልኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው።

«አታንሺው ልጄ» አሉኝ። «ያንን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

እቀጥላለሁ አልኩ። «ሆን ብለው» የሚለው ግን ይሰረዝልኝ አልኩ። ከዚያ አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። ማስጠንቀቂያ ለሰው ብቻ ነው ወይስ ለደንብም ይሰጣል ብዬ ጠየቅኩ። ሰኔ ላይ በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ሁሉ እንደ እኔ ሳትፈርም የምትቀር ከሆነ ሌሎቹስ የት አሉ? ሳምሶን ከኮምፒውተሩ ይፈልግ አልኩ። ፈለገ። ሁለት ሴቶች ተገኙ። አንዷ ማሸጊያ ክፍል ናት፤ ለምን እንዳልተጨመረላት ጠይቃም አታውቅም። ሌላዋ ደሞዙ አልበቃ ብሏት ሥራ ለቃለች።  ሥራ አስኪያጁ ይህን ለብቻው እናየዋለን ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

ጭማሪዬ ከሐምሌ ጀምሮ ታስቦ ገባልኝ። የማሸጊያዋ ሴትም ገባላት። የለቀቀችውን ማንም አልፈለጋትም። ኦቦ ገመቹ ማስጠንቀቂያቸውን ከሳምሶን እጅ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ከሳምሶን እስክሪብቶ ተውሰው ፈረሙ። «ይኸው፣ መፈረም እንዲህ ቀላል ነው። ያኔ ባስፈርማት ኖሮ» ብለው እንደሳቁ ሳምሶን ነው የነገረኝ።

ይቅርታ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር። ስድብ ላይ ፈጣን ነኝ፣ ይቅርታ ላይ ምላሴ ይተሳሰራል። በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ሲመጡ አስቀድሜ «አካም ቡልታን ኦቦ?» አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝና «ነጋ» አሉ፤ ደኅና ማለት ነው። ቀጥለው ባሌን ጠየቁ፣ ልጄን ጠየቁ፣ እናቴን ጠየቁ። ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ያወራሁትንም እዚያው ምሳ ላይ፣ ያወራሁበት ወንበር ላይ ሆኜ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ተሳስቼ ነው ብዬ አነሳሁት። ያ ከቅሬታው ስብሰባ ይበልጥ ከበደኝ።

እሁድ ልጄን አዝዬ ተፍኪ ሄድኩ። ባለቤታቸው በር ሲከፍቱልኝ ያንን ቅቤ ልወስድ ነው የመጣሁት አልኳቸው። ያማ ድሮ ተበልቶ አለቀ አሉኝና እጄን ይዘው አስገቡኝ። ሌላ አምጥተው መጀመሪያ የልጄን አናት፣ ቀጥሎ የእኔን ቀቡን። ቅሬታ የጻፍኩባቸው ሰውዬ ማዶ ተቀምጠው፣ አንሷል ጨምሪላት ይላሉ። በሚኒባስ ስመለስ ቅቤው ግንባሬ ላይ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ያየኛል። አልጠረግኩትም።

እነሆ ኦቦ ገመቹ ጡረታ ከወጡ ዓመት አልፏል። ቦታቸው ላይ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ያ ማስጠንቀቂያ ዛሬም ፋይላቸው ውስጥ አለ። እንዲወጣ ጠይቄ ነበር፤ አይወጣም ተባልኩ። ጭማሪዬን በመውሰዴ አልጸጸትም፤ ነገ ቢደግም ያንኑ ነው የማደርገው። ሳልጠይቃቸው በማኩረፌና በሰው ፊት ስማቸውን በማጥፋቴ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ደንቡም ተለወጠ ተብሎ ማስታወቂያ ወጣ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ሠራተኛን ሱፐርቫይዘሩ ቤቷ ድረስ ሄዶ ያስፈርማል ይላል። እንግዲህ ይህን የጻፈው ሰው አራስ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው።

ባለፈው ወር ጫልቱ ወለደች። ወንድ ነው። ሰኔ ስለነበር ቅጿን ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ፣ ከልጆቹ ጋር ሰበታ ቤቷ ሄድን። ገብቼ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ነጭ ለብሳ፣ ፊቷ ወዝቶ፣ ልጇን ታጠባለች። አማቷ ይንጎዳጎዳሉ። ቤቱ ገንፎ ገንፎ ይሸታል። እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ወረቀቱን ያዝኩት። ሊወጣልኝ አልቻለም።

ኦቦ ገመቹ ያኔ የሆኑትን ሁሉ ሆንኩ። ያ ቤት ወረቀት አይገባበትም። አማቷ ምን ይላሉ፣ ልጆቹ ምን ይላሉ፣ ቆይቼ ስትመለስ ብትፈርምስ አልኩ። እኔ፣ በዚያች ወረቀት የተቃጠልኩት ሴት፣ እንዲህ አሰብኩ። ከዚያ ያ የፈሰሰ ወተት ትዝ አለኝና አወጣሁት።

«ጫልቱ፣ ከምርቃቱ በፊት እዚህ ላይ ፈርሚልኝ» አልኩ።

 አማቷ ማንኪያ እንደያዙ ቀሩ። ጫልቱ ግን ወዲያው ገባት፤ ልጇን በግራ እጇ እንዳቀፈች ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ከዚያ እኔ ተነስቼ ልጁን መረቅኩ። ማንም አሜን ሲል አልሰማሁም።

ወጥቼ አስፋልቱ ጋ እንደደረስኩ ለኦቦ ገመቹ ደወልኩ። አስፈርሜ ወጣሁ አልኳቸው። ጎበዝ አሉኝ፤ ቀጥለው ገንፎ ቀመስሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለሌሎቹ ቀረበ፣ ለእኔ አልቀረበም አልኳቸው። ስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ምሳ ሳልበላ ስለነበር የወጣሁት ግን በጣም ርቦኝ ነበር።